መላጣዋና አውራው

ተረት ተረት፤ ዛሬስ የላም በረት አትበሉኝ፣ የዶሮ ቆጥ በሉኝ። ያጫወቱኝ ከአጥሬ ወዲያ ያሉት እትዬ የሻረግ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ይጨምራሉ እንጂ አይዋሹም።

አንገቷ ላይ ላባ ያልበቀለላት ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። አውራው ዶሮ የአንገቱን ላባ እየነሰነሰ ባለፈ ቁጥር፣ «አንቺ መላጣ! ማን ነጭቶሽ ነው?» ይላታል።

«መላጣ ስድብ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ላግጫ ነው! እንዲሳቅብሽ ነዋ!»

«እንግዲያ ቀስ ብለው ይሳቁ፣ ልጆቼን እንዳይቀሰቅሱብኝ።»

አንድ ምሽት ሸለምጥማጥ ገባ። አንገቷን ቢነክስ ጥርሱ የሚይዘው ላባ አጥቶ አዳለጠው፤ እሷም ከእንቁላሏ ሳትነሳ አፍንጫውን ጠቀጠቀችው። ዞሮ አውራውን ያዘ። አውራው ተፈናጥሮ ሲያመልጥ የአንገቱ ላባ ሁሉ ሸለምጥማጡ አፍ ውስጥ ቀረ፤ እሱም እየታነቀ ፈረጠጠ።

ሲነጋ ዶሮዎቹ ሁሉ መላጣዋ አውራውን ምን ትለው ይሆን ብለው ተሰበሰቡ። አውራው እንቅብ ሥር ተወሽቋል።

«ጋሼ፣ አንገትዎን እንዳይበርድዎ ፀሐይ ላይ ወጣ ይበሉ» አለችው።

ሸለምጥማጡ እስከ ዛሬ ላባ ይተፋል። እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ፤ ጫጩቶቹ ሁሉ አንገታቸው ራቁቱን ነው። አውራውም መንደሩን እየዞረ፣ «መላጣዎቼን አያችሁልኝ? ቁርጥ እኔን!» ይላል።