የበረቱ በርና የኤሊ ጀርባ

አንድ ጊዜ ጅብ ውርንጭላ ሊበላ ገብቶ በአህያ በረት ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

የእመት አህያን በረት የሚጠብቀው ኮምፒውተር ነበር። በውስጡ «በር» የሚባል ፋይል አለ፤ ትእዛዙም «አህያ ሲመጣ ክፈት፣ ጅብ ሲመጣ ዝጋ» ይላል። ፋይሉ አሻራ አለው። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አጭር ምልክት ያወጣለታል፤ አንዲት ነጥብ ብትነካ ምልክቱ ሌላ ይሆናል። አህያ ትክክለኛውን አሻራ በኮምፒውተሩ አስቀምጣ፣ በኤሊ ጀርባም ላይ አስጭራዋለች። ማታ ማታ ውርንጭላዋን ከማስገባቷ በፊት ኤሊን ጠርታ ታመሳክራለች። ኤሊ እስክትደርስ ጎረቤቱ እራቱን ስለሚጨርስ ይስቅባት ነበር።

አያ ጅቦ በሩን እንድታስከፍትለት ቀበሮን ከውርንጭላዋ ጉበት ላካፍልሽ ብሎ ለመናት። ቀበሮም አቧራ ልጥረግ ብላ ገብታ «ዝጋ» የሚለውን «ክፈት» አደረገችው። ከሌላ ቦታ የጨመረችውን ያህል ፊደል ቀንሳ መጠኑን፣ የፋይሉንም ቀን እንደነበረ አስተካከለች። በኮምፒውተሩ የተቀመጠውንም አሻራ በአዲሱ ለወጠችው።

«ስሙ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ቀኑ ያው። ማን ይለየዋል?» አለችው ለጅብ።

«እኔስ በምን ልለየው?»

«ከከፈተልህ እሱ ነው።»

ሲመሽ ኮምፒውተሩ አሻራው ትክክል ነው አለ። ውርንጭላዋ ልትገባ ስትል እናቷ በጥርሷ ጅራቷን ያዘቻት። ጎረቤቷ በግ ይህን አይቶ፣ ትክክል ነው ካለ ምን ትጠብቂያለሽ ብሎ ዘበተባት።

«የተጠረጠረውን ለራሱ ምስክር አላደርገውም» አለች አህያ።

ኤሊ እያለከለከች ደረሰችና ጀርባዋን አዞረች። አህያ ኮምፒውተሩ ካወጣው ምልክት ጋር አስተያየች። መጀመሪያውም መጨረሻውም አይገጥምም። ውርንጭላዋን ይዘው ኮምፒውተሩ ካለበት ጎጆ ተደበቁ።

ጅብ መጣ፤ በሩም ተከፈተለት። ማንንም ባያገኝ፣ ቁርበት እንኳ አላነጠፉልኝም ብሎ እያጉረመረመ ሳሩ ላይ ተጋደመ። ያኔ አህያ ፋይሉን አስቀድማ ከቀዳችበት፣ ኤሊ አንገቷ ላይ ካንጠለጠለችው ፍላሽ ንጹሑን ፋይል መለሰች። በሩ ተዘጋ።

ጅብ በሩን ገፋው። እምቢ አለው።

«እኔም እኮ አህያ ነኝ» አለና አናፋ። በሩ አልሰማውም። ቀበሮን ተጣራ።

«ስሙ ያው፣ መጠኑ ያው» አለችው ከሩቅ። «እኔ ምን ላድርግህ?» ብላ ሄደች።

እናትና ልጅ ኤሊ ቤት አደሩ። በረቱ ውስጥ የቀረው ጅብ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ስሙና መጠኑ ያልተለወጠ ሁሉ ያው ራሱ እንዳልሆነ፣ መለያውም ሌባ እጁን ከማያስገባበት ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ነው።