የቀኛዝማቹ ጓጉንቸር

የአሥራ አምስት ዓመቱ ልውጤ የቀኛዝማች ወልደሰማያትን ዕቃ ቤት ጓጉንቸር በምስማር ከፍቶ ማር ሲልስ ተያዘ። ቀኛዝማቹ የአገሩ ዳኛ ስለነበሩ ከሳሽም ፈራጅም እሳቸው ሆኑ። «ሦስት ዓመት ይታሰር» ሲሉ አንድ ጓጉንቸር ሠሪ ተነሣና፣ «ጌታዬ፣ ከሚታሰር ለእኔ ይስጡኝና ሙያዬን ላስተምረው» አለ።

ቀኛዝማቹ ሳቁ። «ለሌባ የቁልፍ ሥራ ልታስተምር? ተወው፣ እስር ቤቱ ያስተምረዋል።»

«እዚያ ከገባማ አስተማሪው እሱ ነው» አለ ሰውዬው። «እኔ ዘንድ ከዋለ እሱ ራሱ የማይከፍተው ጓጉንቸር ይሠራልዎታል። እስር ቤት ከላኩት ግን የእርስዎን ቤት አከፋፈት ለመቶ ሃያ ሌባ አስተምሮ ነው የሚወጣው።»

ቀኛዝማቹም፣ «ዛሬውኑ ውሰደው» አሉ። «ምስማሩን ግን እዚሁ ተወው።»