የዕጣን መዓዛ ስለ ጠፋበት ካህንና ስለ ትርንጎ

ምእመናን ሆይ፣ እስትንፋስ የተሰጠው ሁሉ ዝም ብሎ ይስማ። አምላክን የወለደች የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ጸሎትና በረከት በዚህ በቆማችሁት ሁሉ ላይ ይደርና፣ በቀጨም ውኃ ማርያም ያገለግል ለነበረው ለቄስ ልሳነወርቅ ያደረገችውን ተአምር እነግራችኋለሁ። ነገሩ የሚያስደስት ብቻ አይደለም። በመካከሉ አንዲት ልጅ ሞታለችና፣ እሷን ዘልዬ ተአምሩን ብቻ ባወራ እመቤታችን አትወድልኝም።

ይህ ካህን ከልጅነቱ ጀምሮ እመቤታችንን እጅግ የሚወድ ሰው ነበር። በየዕለቱ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቶ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከነአንቀጸ ብርሃኑ ያደርስና፣ ከዚያም እርሷ በዚህ ዓለም በኖረችበት ዘመን ቁጥር ስድሳ አራት ጊዜ ይሰግድላት ነበር። ይህንንም ስእለት ክህነት በተቀበለበት ዓመት ተስሎ፣ መንገድ ላይም ቢሆን ለቅሶ ቤትም ቢሆን አንድ ቀን አላስታጎለውም።

በሠላሳ ዓመቱ አስም ያዘው። የጤና ጣቢያ ሰዎች በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ሕዝቡ ፓፍ የሚለውን ሰጡትና፣ ሲያፍነው እየነፋ ሲሻለው እየተወ ብዙ ዓመት በደኅና አገለገለ። ከዚያም አፍንጫው ይዘጋ ጀመር። መጀመሪያ ግራው፣ በኋላም ሁለቱም ተዘጉና፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ግንባሩና ጉንጩ ድንጋይ የተጫነበት ያህል የሚከብደው፣ ወፍራም አክታ በጉሮሮው እየወረደ ቅዳሴውን የሚያቋርጠው ሰው ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው አለና ዳማከሴ ጨምቆ አመጣለት፤ እርሱም ጠጣ፣ ግን አልተሻለውም። አስሙም ከቀድሞው ይልቅ በረታበትና፣ ስድሳ አራቱን ስግደት ያለ ዕረፍት ይፈጽም የነበረው ሰው በየአሥሩ፣ በኋላም በየአምስቱ እየተቀመጠ ይፈጽመው ጀመር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። አንድ እሑድ ዕጣን ለማሳረግ ገብቶ ጽናውን ቢያነሣ መዓዛ አጣበት። አብሮት ወደሚቀድሰው ካህን ዘወር ብሎ፣ “ይህ ዕጣን ያደረ ነው እንዴ?” ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። ያም፣ “ምን ነካህ ወንድሜ፣ መዓዛው ደጀ ሰላም ደርሷል!” አለው።

ቄስ ልሳነወርቅ በዚህ ቃል ደነገጠ። የአቤል መሥዋዕት እንደተወደደ፣ የቃየል እንደተጠላ ያስተማረ ሰው ነውና፣ ሌላውን ሁሉ ያወደ ዕጣን ለእርሱ ብቻ ሽታ ከነሣው መሥዋዕቱ ተጠልቶ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ከዚያም ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ የሠራውንም ያልሠራውንም ኃጢአት ተናዘዘ፤ የተሰጠውንም ቀኖና እጥፍ አድርጎ ፈጸመ፤ ዳሩ ግን የሳር ሽታ እንኳ አልተመለሰለትም። አፍንጫውን ለሐኪም ማሳየት በሐሳቡም አልመጣም። ካህን ዕጣን አልሸተተኝም ብሎ ለሰው እንዴት ይናገራል? እንዲህም ሆኖ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ፍርሃቱም በውስጡ ጠንክሮ ጭካኔ ሆነበት።

በቀጨም ውኃ ጠበል አለ፤ አጥማቂውም እርሱ ነበር። በጠበሉ በር ላይ አንድ ጆንያ ተሰቅሎ፣ ሱባኤ የሚገባ በሽተኛ ሁሉ መድኃኒቱን እዚያ ውስጥ እየጣለ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። ይህን ያዘዘ መጽሐፍ የለም፤ ውኃውንም ሥራሥሩንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ነው። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ ባይኖርም ቄስ ልሳነወርቅ አጠበቀው። እምነቴ ጎድሎ ነው የተጠላሁት ብሎ በመጀመሪያ የራሱን ፓፍ ጣለ፤ ከዚያም ከሌላው ሰው ይህንኑ ይፈልግ ጀመር።

በኅዳር ወር ትርንጎ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ከቆላ ወጥታ መጣች። አስም ነበረባት። ልጅቱ በሩ ላይ እንደደረሰች ፓፏን አውጥታ ልትጥል ስትል እናቷ እጇን ያዘቻትና፣ “አባታችን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያተርፋት ይሄ ነው፤ አትነፋውም፣ በመቀነቷ ቋጥራ ብቻ ትያዘው” ብላ ለመነችው።

“በመቀነትሽ መድኃኒት፣ በአፍሽ እመቤቴ! በሁለት ልብ ጠበል አይገባም። ጣዪው!” አላት ልጅቱን።

ትርንጎም ጣለችው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ውኃው በራሷ ላይ ሲወርድ ትንፋሿ ተያዘ። ሕዝቡ ጋኔን ነው፣ ሊለቃት ነው እያለ እልል ሲል፣ እናቷ ብቻ ልጇን ታውቃለችና ወደ ጆንያው ሮጠች። በዚያም ውስጥ የሺህ ሰው መድኃኒት ነበረ፤ የስኳሩ፣ የደም ግፊቱ፣ የሚጥል በሽታው፣ የዓይኑ ጠብታ። ወይዘሮ ዘነበች ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግፋ በሁለት እጇ እየበተነች ፈለገች፤ አገኘችውም፤ ይዛው ስትመለስ ግን ትርንጎ ከንፈሯ ጠቁሮ ዝም ብላ ነበር። ፓፉም ከእናትየዋ እጅ ወደቀ። ማን እንዳነሣው ያስተዋለ አልነበረም።

ቄስ ልሳነወርቅ ራሱ ጸሎተ ፍትሐት አደረሰላትና በዚያው ደብር ተቀበረች። እናቷንም፣ “እግዚአብሔር ወዷት ነው” አላት። ወይዘሮ ዘነበች ብቻዋን ወደ ቆላ ወረደች። ሕዝቡም፣ “ልጅቷ በልቧ መድኃኒቷን እያሰበች ነበር፤ እምነቷ ቢጎድል ነው እንጂ ጠበሉ መቼ ይገድላል” እያለ አወራ፤ ወሬውም ቆላ ድረስ ወረደ። ካህኑ ሰማ፣ ዝምም አለ። እኔ ከኃጢአቱ ሁሉ ይህን ዝምታ አከብደዋለሁ።

ከዚያም ሁለት ወር አልፎ፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ በእመቤታችን በዓለ ዕረፍት፣ ቄስ ልሳነወርቅ ቀድሶ ወደ ቤቱ ሲገባ ግንባሩ ሊፈነዳ ደረሰ። ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ሁለት አስፕሪን አመጣችለት። አስፕሪንን በአገራችን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥራት የለምና፣ ከሱቅ ከክብሪት ጋር የምትገዛ ናትና፣ ፓፍን ኃጢአት ነው ያለው ካህን እርሷን ያለ ሐሳብ ዋጣት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረቱ ተቆለፈ። ቀድሞም አስፕሪን በዋጠ ቁጥር ይብስበት ነበር፤ እርሱ ግን ራስ ምታቱንም መታፈኑንም ቁጣ ነው ይል ስለነበር ሁለቱን አገናኝቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። መናገር አቃተው፤ በጉልበቱ ወድቆ የምሰሶውን ሥር አቀፈ፤ ዓይኑም ይጨልምበት ጀመር። በአፉ ሊጠራት ስላልቻለ እመቤታችንን በልቡ ጠራት፤ ስግደቱንም በልቡ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲቆጥር ከአሥራ ሰባት ላይ ቁጥሩ ጠፋበት።

ያን ጊዜ በቀትር ብርሃን ላይ ሌላ ብርሃን መጣና እመቤታችን በፊቱ ቆመች። እርሱ ደረቱን ጨብጦ ሳለ ደረቱን አልነካችውም። ሁለት ጣቷን በቅንድቦቹ መካከል አሳረፈች፤ ከዚያም በአፍንጫው ግራና ቀኝ ወደ ጉንጮቹ አወረደቻቸውና፣ “ካህን ሆይ፣ ደረትህ የሚጮኸው ለዚህ ጭምር ነው” አለችው።

እርሱም በልቡ፣ “እመቤቴ፣ መሥዋዕቴ ተጠላ ወይ?” አላት።

“አፍንጫህ ታመመ እንጂ መሥዋዕትህ አልተጠላም። ተነሥተህ የአጥንትን ውስጥ ወደሚያዩ ሂድ፤ የዋጥኸውንም አትሸሽጋቸው።”

“ትርንጎስ፣ እመቤቴ?”

እመቤታችንም ፊቷ አዘነና፣ “ልጅቱ እኔ ዘንድ ናት፤ እናቷ ግን አንተ ዘንድ ናት” አለችው።

በዚያችው ሰዓት ወይዘሮ ደብሪቱ በደጅ ቆማ ኡኡ ስትል የሴት ድምፅ በጆሮዋ፣ “ሣጥንሽን ክፈቺ” አላት። ከሣጥኗ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር። በዚያ ማለዳ ከትርንጎ ሬሳ አጠገብ የወደቀውን ፓፍ ያነሣችው እርሷ ነበረች፤ ጆንያው ውስጥ ልትመልሰውም ልትጥለውም አንጀቷ አልችል ብሎ በነጠላ ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ሮጣ አወጣችውና በባሏ አፍ ውስጥ ነፋችው፤ ደጋግማም ነፋችው። በሞተችው ልጅ መድኃኒት ገዳይዋ ተነፈሰ። በጎረቤትም ሸክም እስከ አስፋልት፣ ከዚያም በመኪና እስከ ከተማው ሆስፒታል ደረሰ።

በሆስፒታሉም ዶክተር ዘሀራ የምትባል ሐኪም ተቀበለችው። ሙስሊም ናት፤ እመቤታችንም የላከችው ወደ እርሷ ነው። በኦክስጅንና በመርፌ ከሞት መልሳው፣ በሦስተኛው ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ “አባ፣ ሽታ ይሸትዎታል?” ብላ ጠየቀችው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረምና ካህኑ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የዋጠውንም እንደታዘዘው ሳይሸሽግ ነገራት።

እርሷም በመብራት ወደ አፍንጫው አየች፤ በሁለቱም ወገን የወይን ዘለላ የሚመስል ግራጫ ሥጋ ሞልቶበት ነበር። ከዚያም የራስ ቅሉን ፎቶ በሲቲ ስካን አስነሣችና አሳየችው፤ በግንባሩ፣ በጉንጮቹና በዓይኖቹ መካከል አየር ሊኖርባቸውና ጥቁር ሆነው ሊታዩ የሚገባቸው ጓዳዎች ሁሉ ነጭ ሆነው ተደፍነዋል። “ሳይነስ የሚባለው ይህ ነው፤ ሽታዎን የወሰደውም ይሄው ሥጋ ነው” አለችው። “አፍንጫና ሳንባ አንድ ቤት ናቸው፤ ላይኛው ሲታመም ታችኛው አይድንም። አስም በመድኃኒት አልገዛ ሲል አፍንጫውን ማየት የእኛ የሐኪሞች ድርሻ ነበር። እንዲህ ያለ ሥጋ ካለበት አስመኛ ደግሞ አስፕሪን የማይስማማው አለ፤ እርስዎ አንዱ ነዎት። አስፕሪንንም ዘመዶቿን የሕመም ማስታገሻዎችንም ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይነኩ። አሁንም ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።”

ከዚያም ለተቆጠሩ ቀናት የሚዋጥ ክኒን፣ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒትና በየቀኑ የሚነፋ ፓፍ ሰጠችው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጨው እየበጠበጠ ጧትና ማታ አፍንጫውን እንዲያጥብም አዘዘችው። ከወር በኋላ ወደ ትልቁ ከተማ ተልኮ ሥጋው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችል፣ መድኃኒቱም የዕድሜ ልክ እንደሆነ ተነገረው፤ እርሱም እሺ አለ። ሽታም ተመለሰለት። መጀመሪያ የሸተተው ግን ዕጣን አልነበረም፤ የጎረቤቱ በሽተኛ ካልሲ ነበር፤ እርሱንም ተመስገን ብሎ ተቀበለው።

ወደ ደብሩ ሲመለስ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ጆንያውን ከጠበሉ በር በገዛ እጁ አወረደ፤ ከዚያም የአንድ ቀን መንገድ ወደ ቆላ ወረደና በወይዘሮ ዘነበች ደጅ በግንባሩ ተደፋ። በቀብሩ ቀን አንቺ ያላትን ሴት አንቱ አላትና፣ “እግዚአብሔር ወዷት ነው ያልሁዎት ሐሰት ነው። ልጅዎን የገደላት የእኔ ቃል ነው። እኔ በእሷ መድኃኒት ተርፌ መጣሁ” አላት።

ወይዘሮ ዘነበችም ከደጇ ወጥታ በላዩ ቆመች። ከዚያም፣ “ሰው ሁሉ እምነቷ ጎድሎ ነው ሲላት ሰምተው ዝም አሉ” አለችው። “ልጄ በሁለት እግሯ ሄዳ፣ ያሏትን ጥላ፣ ውኃው ውስጥ ገባች። ከዚህ በላይ እምነት ምን ነበር? እኔን ይቅር በዪኝ አይበሉኝ። ሕዝቡ ባለበት ይህን ይናገሩላት።”

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ልሳነወርቅ በሕዝቡ ፊት ቆመ፤ ከራሱም ላይ ጥምጣሙን አወረደ። “ትርንጎ እምነት ጎድሏት አልሞተችም። እምነት የጎደለው እኔ ነበርሁ። እመቤቴ የምትጠላኝ መስሎኝ ፈራሁና ፍርሃቴን በእናንተ ላይ ጫንሁ፤ የልጅቱን እስትንፋስ ከእጇ ያስጣልኋት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በዚህ ጠበል መድኃኒቱን ጣል የሚላችሁ ቢኖር እኔን አስታውሱ። ስለ እርሷ ጸልዩ፤ ነፍሷን ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን” አለ። ሕዝቡም ደንግጦ አሜን የሚል ጠፋ። ከዚያም ከሴቶቹ ወገን፣ ከኋላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመች አንዲት ሴት፣ “አሜን” አለች። ወይዘሮ ዘነበች ነበረች።

ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ እያለቀሰ አሜን አለ፤ የታፈነውን ላስተነፈሰች፣ የበደለውንም ላልሸሸገች ለእመቤታችንም ምስጋና ሆነ። እናንተም የሰማችሁ ሁሉ፣ በበሽታ የተያዘውን እግዚአብሔር ጠልቶታል ብላችሁ ከመፍረድ ይጠብቃችሁ፤ የሐኪምን እጅ የምትባርክ፣ ልጇን ያጣችውን እናት የማትረሳ ድንግል በእስትንፋሳችሁ መግቢያና መውጫ ትቁምላችሁ፤ ከእናንተም መካከል አሜን ማለት ያቃተው ቢኖር ጊዜ ትስጠው፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።