የእምቢታ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ በማይወረስባት በሐመልማ አገር፣ ንጉሥ የሚያነግሡት ንቦች ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ፣ ከዙፋኑ በላይ ካለው ማገር ላይ፣ የበሬ ቆዳ የሚያህል የንብ መንጋ ይንጠለጠል ነበር። የንቦቹ ክንፍ ጥላ ሲያገኘው እንደ ፍም ያበራል። የነገሠው ሰው ሲሞት መንጋው ተነሥቶ አሞራ ገደል ወደሚባለው ቦታ ይሄዳል። እዚያ ወርዶ አውራዋን፣ የንቦቹን እናት፣ በእጁ ይዞ የወጣ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባላባትም ይሁን ድሀ፣ ንጉሥ እሱ ነው። መንጋው አውራዋን ተከትሎ ያንን ሰው እንደ ካባ ይለብሰዋል፤ አዳራሹ ሲደርስም ወደ ማገሩ ተመልሶ ይሰፍራል። መንጋው ገደል ውስጥ እስካለ ድረስ ግን በአገሩ አበባ ያብባል እንጂ ፍሬ አይቋጥርም።

የመጨረሻው ንጉሥ ከሞቱ ብዙ ክረምት አልፏል። ወደ ገደሉ የወረዱት ባላባቶች ግማሾቹ ተነድፈው፣ ግማሾቹ ተሰብረው ቀሩ። ፊታውራሪ ጓንጉል ግን አልወረደም። ከባዶው ዙፋን አጠገብ በርጩማ አስቀምጦ፣ «እኔ ጠባቂ ነኝ» እያለ አገሩን ይበላ ነበር። ወደ ገደሉ የሚወስደውንም መንገድ በዘበኛ ዘጋው። ባዶ ዙፋን የሚመቸው ለባለ በርጩማው ነዋ።

ይመናሹ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። በሐመልማ ሰው ሁሉ በሸክላ ሠሪ ድስት ይበላል፤ ከሸክላ ሠሪ ጋር ግን አይበላም። «ዓይኗ ሰው ይበላል» ብለው ልጆቻቸውን ከፊቷ የሚሸሽጉ ብዙ ነበሩ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም፤ እናቷ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ በቅሏል» ትል ነበር። ሳትፈራ የምትገባበት ደጅ አንድ ብቻ ነበር፤ የንብ አርቢዋ የእማማ ዘርፌ። እማማ ዘርፌ ልጅ የሌላቸው፣ ምላሳቸው ከንቦቻቸው የማይተናነስ መበለት ናቸው። ጭስ አያያዝን፣ አውራዋን ከሺህ ንብ መካከል ለይቶ ማወቅን፣ ንብ ፊት ላይ ሲያርፍ ትንፋሽን ማለዘብን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አንድ ዓመት ባቄላው እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ አበበና አንድም ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። በዚያ ሰሞን የጎረቤት ሕፃን ተቀበረ። ይመናሹ ከቀብር ስትመለስ ለታላቅ ወንድሟ ለዳምጤ፣ «ጋሼ፣ እኔ ገደሉን እወርዳለሁ» አለችው።

«አንቺ? የሸክላ ሠሪ ልጅ?»

«ንብ ዘር ይጠይቃል እንዴ?»

«ንብ አይጠይቅም። ጓንጉል ይጠይቃል።»

«እሱን አንተ መልስለት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ዳምጤ ሳቀ። ከዚያም የጠፍር ገመዱን ይዞ ተነሣ።

በጓሮ ጢሻ ሾልከው አሞራ ገደል ጫፍ ደረሱ። ዳምጤ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ፣ በደረቱ ተኝቶበት፣ እህቱን ቀስ እያለ አወረዳት። እሷ ከታች፣ ከገደሉ ዋሻ ውስጥ፣ የፍም ግድግዳ ከሚመስለው መንጋ ፊት ቆማ ትንፋሿን እያለዘበች ሳለ፣ የጓንጉል ዘበኞች ከላይ ደረሱ። «ልቀቅ!» አሉት። «እህቴ ናት፤ ያንተ ብትሆንስ ትለቅ ነበር?» አለው አንደኛውን። በጎራዴ ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጡት። ገመዱን በግራው ያዘ። ግራውን ሊመቱ ጎራዴው ሲነሣ፣ ይመናሹ መንጋውን ለብሳ ከገደሉ አፋፍ ብቅ አለች። ዘበኞቹ ሸሹ፤ ሁለተኛም ዞረው አላዩም። ዳምጤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላ አልሠራም፤ ሸክላ ያለ ቀኝ እጅ አይቀናም።

ይመናሹ አውራዋን መቃ ውስጥ አስገብታ በደረቷ ይዛት ነበር። የመቃውን አፍ ግን የደፈነችው ንብ አርቢ እንደሚያደርገው በጭድ ሳይሆን፣ እጇ በለመደው፣ ከገደሉ ግድግዳ በዛቀችው እርጥብ ጭቃ ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ ቀዳዳ ስታይ ጭቃ ይታያታል። ለትንፋሽ ትሆናለች ብላ በስንጥር ቀጭን ቀዳዳ ተወችላት፤ ከዚያም ጉዞዋን ቀጠለች።

ያያት ሁሉ ከመንገድ ዳር ይንበረከክ ጀመር። ትናንት ልጁን የሸሸገባት ዛሬ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ያሳየው ነበር፤ «እያት፣ እያት፣ ይቺ ናት!» እሷ ግን ማንንም ማየት አልቻለችም። ንቦቹ ሽፋሽፍቷ ላይ እየተራመዱ ነበር፤ እግሯ ካልፈጠነ መንጋው የሚበተንባት ይመስላት ነበር።

ከከተማው በፊት ጠባብ በር የሚባል መተላለፊያ አለ፤ ግራና ቀኙ ደረቅ ሣር ነው። እዚያ ሻለቃ ረታ ችቦ ይዞ ይጠብቃታል። የጓንጉል ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ስትገባ ሣሩን ለኩሰው፤ ጭሱ ንቡን ይበትናል፣ እሳቱ እሷን ይጨርሳል። ረታ ጓንጉልን ለዓመታት ያገለገለ፣ ጎተራ ሲያቃጥል እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ነው። ይመናሹ ወደ በሩ ገባች። በጥላው ውስጥ መንጋው በራ።

«ሻለቃ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለው ከጓንጉል ክቡር ዘበኞች አንዱ፣ ጥጋቡ። ጥጋቡ የረታ የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው።

ረታ ችቦውን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው አጠፋው። «እኔ ይህን አላቃጥልም» አለ።

«መሐላህስ?»

«ለበርጩማ አልማልኩም።»

ጥጋቡ ጎራዴውን መዘዘ። የረታ ወታደሮችም መዘዙ። አቧራው ሲረጋ በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ጥጋቡ ግን ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሻለቃ ረታ ወንድሙን ሳይቀብር፣ ይመናሹን ከፊት እየመራ ከተማ ገባ። እናቱ እስከ ዛሬ ስሙን አትጠራም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጓንጉል ከበርጩማው አልተነሣም። «መጥታለች አሉ፤ መጥታስ? መንጋው ማገሩ ላይ ይስፈርና እንስገድላት» አለ እየሳቀ።

በሐመልማ ልማድ ሊነግሥ የመጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ጓዳ ገብቶ እጁን ይታጠባል። የምታስታጥበው ንብ አርቢ ናት፤ መንጋው የዘመድ ሽታ አግኝቶ እንዲረጋጋም አንድ ሕያው ቀፎ ይዛ ትገባለች። ያን ቀን ጣሳውን የያዙት እማማ ዘርፌ ነበሩ። ይዘውት የገቡትም ከጓንጉል ግብር ሰብሳቢዎች የተረፈላቸውን ያንኑ አንድ ቀፎ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ይመናሹ መቃውን ከፈተች። በላቧ የራሰው ጭቃ ወርዶ ቀዳዳውን ደፍኖት ኖሯል። አውራዋ ሞታለች።

ከትከሻዋ ላይ ንቦቹ አንድ አንድ እያሉ መነሣት ጀመሩ። መቃውን ለእማማ ዘርፌ ዘረጋች። «እማማ፣ ገደልኳት።»

«በጭቃ?» አሉ እማማ ዘርፌ መቃውን አይተው። «አይ የሸክላ ልጅ!» ከዚያ በኋላ ቃል አላባከኑም። እጃቸውን ቀፏቸው ውስጥ ከትተው የገዛ አውራቸውን በክንፏ ያዙ፤ ከይመናሹ ልብስ ላይ ንቦቹ ካንጠባጠቡት ማር ቀብተው ሽታዋን ለወጡ፤ መቃው ውስጥ አስገቡና አፉን በጭድ ወተፉት።

«እማማ፣ ይህ እኮ ማታለል ነው።»

«ገደሉን የወረደው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ውጪ። ማሩ ሳይደርቅባት።»

ወጣች። መቃውን ከፍ አድርጋ ከፈተች። መንጋው ተነሣ፣ ዞረ፣ አመነታ፣ አሁንም ዞረ። ከዚያ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ ማገሩ ላይ ሰፈረ። እልልታው ጣሪያውን ሲያነቃንቀው ጓንጉል በጓሮ በር ወጥቶ ነበር፤ የቀረው በርጩማው ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ባቄላው ፍሬ ያዘ። የእማማ ዘርፌ ቀፎ ግን እናት አጥቶ ውሎ ሳያድር መመናመን ጀመረ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባዶ ሆነ። ከሁለቱ ሴቶች በቀር ምክንያቱን ያወቀ የለም።

አሁን ጭንቁን ስሙ። በሐመልማ አዲስ ንጉሥ ከማገሩ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ቆርጦ ለአንድ ሰው ያበላል። ያን የበላ ሰው ከዙፋኑ በስተቀኝ ባለው በእምቢታ ወንበር ይቀመጣል። በአገሩ ሁሉ ንጉሥን ፊት ለፊት «እምቢ፣ አይሆንም» ብሎ ራሱ የማይቆረጥ፣ ቃሉም ግድ የሚሰማ፣ እሱ ብቻ ነው። ማሩ አይከፈልም፤ ጥንት ለሁለት የተከፈለ ጊዜ አገሩም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የማር ቆረጣው ዕለት ፀሐይ ከግቢው አጥር በታች ሳትጠልቅ ካልተሰጠ ደግሞ መንጋው ማገሩን ጥሎ ይሄዳል።

ይመናሹ ከነገሠች ጀምሮ መንጋው አልረጋም። ከማገር ማገር ይዘዋወራል፣ ያጉረመርማል። እሷም ዙፋኑ ላይ ብዙ አትቀመጥም፤ ትነሣለች፣ ትንጎራደዳለች፣ ቀና ብላ ታያለች። ንቦቹ የሚጠብቁት የማሩን ሥርዓት ይሁን፣ ወይስ እናታቸው ባዕድ መሆኗን አውቀውባት ይሁን፣ ልትለየው አልቻለችም።

ዕለቱ ደረሰ። አጋፋሪው «ለወንበሩ ይገባኛል የሚል ይቁም!» ብሎ ጮኸ።

ሸክላ ሠሪዎቹ ዳምጤን እየገፉ አወጡት። ዳምጤ የተቆረጠ ክንዱን ከጋቢው ሥር አላወጣውም። «ንግሥት ሆይ፣» አለ እህቱን፤ «ያን ቀን አልለቀቅኩም። ዛሬም አጥፍተሽ ባይ አልለቅሽም።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ባላባት፣ «ወንድም ለእህቱ ገመድ መያዙ ውለታ ነው እንዴ? ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው ሐመልማ በሥጋ ዘመድ የምትገዛው?» አለ። ብዙዎች አጉረመረሙ።

ሻለቃ ረታ ወጣ። ወታደሮቹ ከኋላው የጦራቸውን እግር መሬት ላይ ያንኳኳሉ። «ንግሥት ሆይ፣ እኔ አንድ ጊዜ ለጌታዬ እምቢ ብያለሁ፤ ዋጋውንም ከፍያለሁ። ሌሎቹ እምቢታን ገና ሊለማመዱት ነው» አለ።

«ጎተራዬን ስታቃጥል ግን እሺ ብለህ ነበር!» ብላ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸችበት። ረታ ዞሮ አላያትም፤ አልካደም።

ከዚያ እማማ ዘርፌ ከምሰሶው ሥር ተነሡ። «እኔም አለሁ» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ ምን ሠርተው ነው እማማ?» አለ አጋፋሪው።

«እጅ አስታጥቤአለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ሳሙናውስ የማን ነበር?» አለ አንድ ወጣት ወታደር። እማማ ዘርፌም አብረው ፈገግ አሉ። ወደ ይመናሹ አንዴ ብቻ ተመለከቱ፤ ዓይናቸው አልለመነም፣ አላስፈራራምም። ያደረጉትን ቢናገሩ የንግሥቲቱ ዘውድ ይወድቃል። ዝም ካሉ ደግሞ ሰው የሚያየው አንዲት ባዶ ቀፎ ያላቸው አሮጊት ነው።

ይመናሹ ቢላዋውን ይዛ ቆመች። ለወንድሟ ብትሰጥ፣ ያለ እጁ ዛሬ ገደል ውስጥ አጥንቷ ነበር የሚለቀመው፤ ነገር ግን ለእሷ እምቢ ማለት ያውቅበት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም፤ ገደሉንም እወርዳለሁ ስትለው ስቆ ገመድ ነው ያነሣው። ለሻለቃው ብትሰጥ፣ ከሁሉም በላይ የከበደውን የከፈለ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ያን ችቦ ያጠፋው እውነት አይቶ ይሁን አሸናፊ አይቶ፣ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእማማ ዘርፌ ብትሰጥ፣ ያላቸውን ሁሉ የሰጡ እሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን ሰው «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀ ነገር አንድ ቀን ይመለሳል። ደግሞም ምስጢሯን የያዘ ሰው «እምቢ» ሲላት፣ የምትሰማው ቃሉን አክብራ ይሁን ምስጢሩን ፈርታ፣ ራሷም አታውቀውም።

ፀሐይዋ ከግቢው አጥር ላይ ደርሳለች። መንጋው ጉርምርምታውን ከፍ አደረገ፤ ጥቂት ንቦች ከማገሩ ተነሥተው በመስኮቱ በኩል መዞር ጀመሩ። ይመናሹ ደረጃውን ወጥታ የማሩን እንጀራ ቆረጠች። ማሩ በአንጓዋ ወርዶ እስከ ክርኗ ደረሰ። ዞራ ወደ ሦስቱ ወረደች፤ እጇን ዘረጋች።

ሐመልማዎች ከዚህ በኋላ የሆነውን ሲያወሩ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ እኔም በመካከላቸው አልገባም። እጁን የሰጠ አለ፤ ወንድሙን የሰጠ አለ፤ ኑሮውንና ስሙን የሰጠ አለ። እናንተ ግን ቢላዋው በእጃችሁ፣ ማሩ በክርናችሁ፣ መንጋው በራሳችሁ ላይ ቢሆን፣ ከሦስቱ ለማን ታጎርሱት ነበር? ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?