አይጥ የረገጠችው ዳቦ

ተረት ተረት፤ ጠጋ በሉ ወደ በረት።

አንዲት ችኩል የማሳ አይጥ ነበረች። ገበሬው ስንዴው ላይ የአረም መድኃኒት ሲረጭ አየችና ወደ ቤቱ ሮጠች። «ከእንግዲህ የምበላው ሰው የሚበላውን ብቻ ነው!» ብላ ፈነጠዘች።

እዚያ የምትኖር አንዲት ረጋ ያለች የቤት አይጥ ግን፣ «እህቴ፣ የሰዎቹም ዳቦ እኮ ከዚያው ማሳ ስንዴ ነው። አምናም ረጭቶታል» አለቻት።

የማሳዋ አይጥ ክው አለች። የገበሬው ትንሽ ልጅ ዳቦ ልትገምጥ ስትል አየቻትና ለነፍሷ ሳትሳሳ ዘላ ዳቦው ላይ ወጣች።

«ኡኡ! አይጥ ረገጠው! እንዳትበዪው!» ብላ እናትየዋ ዳቦውን ነጥቃ ወደ ደጅ ወረወረችው።

አይጢቱ በሩ ጀርባ ተሸሽጋ በደስታ ዘለለች። ብቅ ብላ ስታይ ግን፣ እናትየዋ እጇን ሙልጭ አድርጋ ታጥባ፣ ከዚያው ስንዴ ዱቄት ዝቃ ሌላ ሊጥ ታቦካለች።