ቀለም የተቀባው ብየዳ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ማየት ነው። በአንድ የስኳር ፋብሪካ ግንባታ ላይ፣ ክሬን ከባድ ዕቃ ከማንሣቱ በፊት መንጠቆው የሚገባባቸውን የብረት ጆሮዎች ይመረምራል። ጆሮዎቹን ከዕቃው ጋር የያዛቸው ብየዳ ነው። ብየዳው ከለቀቀ ዕቃው ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለ ሰው አይተርፍም። ይህ ሰው ጌጤነህ ይባላል።

አንድ ጠዋት ትልቅ የብረት ጋን ሊነሣ ተዘጋጀ። ጆሮዎቹን የበየደው ዘርጋው ነው፤ የጌጤነህ አበልጅ። የዘርጋውን ልጅ ክርስትና ያነሣው ጌጤነህ ነበር። ትናንት ሲበይድም አጠገቡ ቆሞ አይቶታል። ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ፣ የሚያምር ነበር። ዘርጋው እንደ ልማዱ፣ ገና እንደበረደ ቢጫ ቀለም ቀባው።

ጌጤነህ ቀለሙን አየ። ማለፍ ይችል ነበር። ሰው አበልጁን ይጠረጥራል? ትናንት ያየውን ዛሬ እንደገና ያያል?

ቀና ሲል፣ ጋኑ ሲነሣ ገመድ ይዞ ከሥሩ የሚመራውን ሰው አየ። ዘርጋው ራሱ ነው።

የሽቦ ብሩሽ እንዲያመጡለት ጠየቀ። ሠራተኞቹ ሣቁ። አንዱ፣ አበልጆቹ ሊጣሉ ነውና ሽማግሌ ፈልጉ ብሎ አሾፈ። ዘርጋው አልሣቀም።

«አበልጄ፣ እጄን አታውቀውም?»

«እጅህን አውቀዋለሁ። ብረቱ ካደረ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ቀለሙን ፋቀ። ስንጥቅ ካለ ሰርጎ የሚገባ ቀይ ፈሳሽ ቀባ፤ ጠበቀ፤ ጠረገ። የሰረገውን መልሶ የሚስብ ነጭ ዱቄት ነፋበት። ከብየዳው ግርጌ፣ በነጩ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር ቀስ ብላ ወጣች።

ስንጥቅ ናት። ሲበየድ አልነበረችም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ማንም ሳያይ፣ ከቀለሙ ሥር የመጣች ናት።

ዘርጋው ጎንበስ ብሎ አያት። ገመዱን አስቀምጦ ብየዳውን ሊፍቅና እንደ አዲስ ሊበይድ ተቀመጠ። ጋኑ በዚያ ቀን አልተነሣም። ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ያን ቀን ዘርጋው ለብቻው በላ። ጌጤነህም ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

በማግሥቱ ዘርጋው አዲሱን ብየዳ ቀለም ሳይቀባ ጌጤነህን ጠበቀው። «ና፣ እየው» አለው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ትዳራችሁን በሠርጋችሁ ቀን አይታችሁታል። ትኩስ ነበር፤ ያምር ነበር። ከበረደ በኋላስ አይታችሁታል? ወዳጃችሁን፣ ልጃችሁን፣ የገዛ ልባችሁንስ?

እኛ ቶሎ እንቀባለን። እንዴት ነህ ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ምስጋናው መልካም ነው። ግን ስንቶቻችን ስንጥቃችንን ቀብተንበታል? ስንቶቻችንስ፣ ስለምንወደው ብቻ፣ የሌላውን ቀለም ሳንፍቅ አልፈናል? አለማየትን ማክበር አድርገነዋል።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከምትወዱት ሰው አጠገብ ተቀመጡ። እንዴት ነህ በሉት። «ደህና ነኝ» ሲላችሁ ቶሎ አትነሡ። ያኮርፋችሁ ይሆናል፤ ያኩርፍ። ነገ የሚሸከመው ከባድ ሸክም አለና።