ዘንቢሉ እስኪመጣ

የገበያው ኃላፊ አቶ ዘውገ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ ጥበቃዎች አስከትለው አትክልት ተራ መጡ። ፌስታል መሬቱን እያነቀው፣ ከብቱም እየበላው እየሞተ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ በፌስታል የሚሸጥ ሁሉ ቦታውን ይነጠቃል ብለው አወጁ።

አንዲት ሻጭ ግን በዚያው ሰዓት ለደንበኛዋ ቲማቲም በፌስታል እየቋጠረች ነበር። ገዢው ሁሉ ባዶ እጁን ነዋ የሚመጣው፤ በጉያው አይወስደው ነገር።

«አንቺ!» አሉ ኃላፊው ፌስታሉን ነጥቀው ከፍ እያደረጉ። «ይህ ነገር አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ምን ያህል እንደሚቆይ በሰው ፊት ተናገሪ። ካላወቅሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ትነሺያለሽ!»

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ዝግ ብላ፣

«እንዴት ይጠፋኛል ጋሼ?» አለች። «በጣም ይቆያል እንጂ! አምና እዚሁ ቆመው ‹በፌስታሉ ፈንታ ዘንቢል እናድላችኋለን› ያሉንን ቃል በሱ ቋጥረው ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሳይበሰብስ እናገኘው ነበር።»

ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አቶ ዘውገም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቦታዋንም አልነኩባት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘንቢሉ ከሳቸው ቀድሞ ደረሰ።